ስልኩ ሲጠራ ሆዳችን ለምን ይጨማደዳል? በቅርብ ሰው ላይ የያዝነውን ስሜት ስለ መረዳት

ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ነው። እናት አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው የጣታቸውን ጫፍ ወግታ ስኳራቸውን እየለካች ነው። ሻይ ተጥዷል። ቶሎ ወጥታ ታክሲ ካልተሰለፈች ሥራ ታረፍዳለች።

ስልኩ ጠራ። ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ከዋሽንግተን አካባቢ። እዚያ እኩለ ሌሊት አልፏል። የማታ ሥራውን ጨርሶ ሊተኛ ሲል እናቱን ሊጠይቅ ደወለ።

«ሚጣ፣ ለካሽላት? ስንት ሆነ?»

ነገረችው።

«ኧረ በጣም በዛ! እንጀራውን ቀንሱላታ። ያ ሐኪም ቤት ደግሞ አይረባም፣ ሌላ ጋ ውሰዷት።»

«እሺ ጋሽዬ» አለችና ዘጋችው። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው። በሆዷ የምትለው ግን ሌላ ነበር፦ «እሱ በስልክ ልጅ ነው፣ እኔ በጉልበት። ብር ልኮ ተገላገለ።»

ይህች ልጅ ከኛው መሃል ናት፣ ይህን ገጽ አብራን ታዘጋጃለች። ፈቅዳልን ነው የምንጽፈው፣ ስሟን ግን አንጠራም። ያኔ ነገሩ ብሶባት ለሦስት ቀን የወንድሟን ስልክ አላነሳችም። በአራተኛው ቀን እናቷ «ልጄ ምን ሆኖ ነው ድምፁ የጠፋው?» ብለው ሲጠይቋት ደነገጠች። እናትየው ስማርት ስልክ አይነኩም። የልጃቸው ድምፅ ወደ እሳቸው የሚደርሰው በእሷ እጅ ብቻ ነው። በወንድሟ ላይ የያዘችው ንዴት እናቷን እየቀጣ መሆኑን ያን ቀን አየች።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። ስለ ጠላት አይደለም። ስለምንወደው፣ ወይም መውደድ ስለሚገባን ሰው ነው። ስለ እህት፣ ወንድም፣ አማት፣ የልጅነት ጓደኛ፣ አብሮን ስለሚሠራ ሰው። ስሙ ስልካችን ላይ ሲበራ ሆዳችን የሚጨማደድበትን ሰው ምን እናድርገው?

ሆድ ይፍጀው?

እኛ አገር ለዚህ የተለመደ መድኃኒት አለ፤ «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ዋጥ አድርገህ እለፍ። ነውር ነው፣ ቤተሰብ ነው፣ ታላቅህ ነው።

ችግሩ ሆድ ሁሉን አይፈጅም። አባቶች ይህንንም ያውቁት ነበርና «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለውናል። ሌባ ሳል ይዞት ሊሰርቅ ቢገባ ሳሉ ያጋልጠዋል። ቂምም እንደዚያው ነው፤ ደብቀነዋል ስንል በድምፃችን፣ በፊታችን፣ ባላነሳነው ስልክ በኩል ይወጣል።

ሌላው የተለመደ ምክር ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ «ተንፍሺው! አትታመቂ፣ አውጪውና ይቅለልሽ።» ብዙዎቻችን ይህን እንደ ሳይንስ ነው የምናየው። ነገር ግን ብራድ ቡሽማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ፈትኖት ነበር። 600 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሆን ብሎ እንዲናደዱ አደረገ። ከዚያ አንዳንዶቹ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲደበድቡ፣ ሌሎቹ ስፖርት ለመሥራት እያሰቡ እንዲደበድቡ፣ የቀሩት ደግሞ ምንም ሳያደርጉ ዝም ብለው እንዲቀመጡ ተደረገ። በመጨረሻ የባሰ ተናደው የተገኙት እነማን ናቸው? ሰውዬውን እያሰቡ የደበደቡት። ዝም ብለው የተቀመጡት ይሻሉ ነበር።

ስለዚህ መዋጥም አልሠራ፣ መትፋትም አልሠራ። ሦስተኛ መንገድ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ እሱም ስሜቱን ሳይውጡትም ሳይተፉትም ማየት ነው።

ልብ ማለት

ይህን ማየት ፈረንጆቹ «ማይንድፉልነስ» ይሉታል። በአማርኛ የተለያየ ስም ሲሰጠው እናያለን። ለኛ ግን ከድሮም ያለን አንድ ቃል ይበቃናል፣ «ልብ ማለት»። አሁን የሚሆነውን፣ ሲሆን፣ ሳይፈርዱ ልብ ማለት።

ወደ ሆስፒታል የገባው ጆን ካባት-ዚን በተባለ አሜሪካዊ በኩል ነው። ሰውዬው የሠለጠነው በሞለኪውላር ባዮሎጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከቡድሂስት መምህራን የተማረውን የተመስጦ ልምምድ ይዞ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት አንድ ክሊኒክ ከፈተ። በኋላ የ8 ሳምንት ሥልጠና ሆኖ ዓለምን የዞረው ከዚያ ወጥቶ ነው። መጀመሪያ የመጡለት ሕክምና ያልፈወሳቸው፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ነበሩ። ሕመሙን ላጥፋላችሁ አላላቸውም። እንዴት ከሕመሙ ጋር እንደሚኖሩ፣ ሕመሙንና በሕመሙ ላይ የሚጨምሩትን ጭንቀት እንዴት እንደሚለዩ ነው ያስተማራቸው።

ለኛ ሰው ነገሩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ሱባኤ የገባ ሰው ጽሞናን ያውቀዋል። ሙስሊሙ ወገናችን ቀኑን መለስ ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ሙሓሰባ አለው። እነዚህ መንገዳቸው ወደ ፈጣሪ ነው፤ ግባቸው ከክሊኒኩ ይለያል። ግን ዝም ብሎ ወደ ውስጥ ማየት ከባሕር ማዶ የመጣ ፋሽን ነው የሚል ካለ ተሳስቷል።

ደግሞ ቋንቋችንን ተመልከቱ። አማርኛ ስሜትን የሚያስቀምጠው ሰውነት ውስጥ ነው። ደሜ ፈላ፣ አንጀቴ አረረ፣ ሆዴ ባባ፣ ልቤ ተሰበረ፣ ዓይኔ ደም ለበሰ። ልብ የማለት ልምምድ የሚጀምረውም ከዚያው ከሰውነት ነው።

የስኳር ደብተሩ

ወደ ባልደረባችን እንመለስ። ያደረገችው ትልቅ ነገር አይደለም። የእናቷን ስኳር በየጠዋቱ የምትመዘግብበት ደብተር ነበራት፣ ሐኪሙ ያዘዛት። ከቁጥሩ ጎን ሌላ አንድ ነገር መጻፍ ጀመረች። ስልኩ ሲጠራ፣ ከማንሳቷ በፊት ሦስት ጊዜ በዝግታ ትተነፍስና ሰውነቷን ታያለች። ከዘጋች በኋላ የተሰማትን በአንድ ወይም በሁለት ቃል ትጽፋለች። በቃ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት «ንዴት፣ ንዴት፣ ንዴት» ይላሉ። አንድ ነገር ግን ወዲያው ገረማት፦ ሆዷ የሚጨማደደው ወንድሟ ገና ምንም ሳይናገር ነው። ስለዚህ ቢያንስ የንዴቱ ግማሽ እሱ ከተናገረው ነገር የመጣ ሊሆን አይችልም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ገልብጣ አየችው። ወንድሟን አጥብቃ የጠላችባቸው ጠዋቶች የትኞቹ ናቸው? ቁጥሩ ከ200 በላይ የወጣባቸው። ወይም ሌሊት እናቷ ደጋግመው ስለተነሱ እሷም ያልተኛችባቸው። ቁጥሩ ደህና በሆነበትና ተኝታ ባደረችበት ቀን ያው ወንድሟ ያንኑ «ስንት ሆነ?» ሲላት አንዳንዴ እየሳቀች ነው የመለሰችለት።

ጥያቄው አንድ ነው፣ ጠያቂው አንድ ነው። የሚለዋወጠው ሌላ ነገር ነው።

«ንዴት» ብላ የጻፈችው ውስጥ ሁለት ሌሎች ሰዎች ተደብቀው ተገኙ። አንደኛው ፍርሃት ነው፦ «እማዬን ባጣትስ? በኔ እጅ ላይ ሆና ብትሞትስ?» «ስንት ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ያንን ፍርሃት ነው የሚነካባት፤ ጆሮዋ ውስጥ ሲገባ «በደንብ አልያዝሻትም» ሆኖ ይሰማታል። ሁለተኛው ድካም ነው። የደከመ ሰው ደግሞ የሚናደደው በሽታን አይደለም። በሽታ ስልክ አይደውልም። የሚናደደው ስልክ የሚደውለውን ነው።

ግን፣ እዚህ ጋ ጠንቀቅ እንበል፣ ነገሩ «ችግሩ ያለው አንቺ ጋ ነው» በሚል አልተጠናቀቀም። ደህና በሆኑት ጠዋቶችም ሳይጠፋ የቀረ አንድ ንዴት ነበር። «ቀንሱላት»፣ «ውሰዷት» ሲል። ይህ ለብዙ ሰው የሚነገር ቃል ነው። ቤቱ ውስጥ ግን ያለችው አንድ ሰው ናት። ያ ንዴት ስለ ወንድሟ እውነት ይናገር ነበር፤ ሸክሙ የማን እንደሆነ አላየም።

ፍርሃቱንና ድካሙን ለይታ ስታስቀምጥ የቀረው ንዴት ትንሽ ሆነ። ትንሽ ስለሆነም ሊነገር ቻለ። አንድ ቅዳሜ፣ ከተማዋ ዝም ባለችበት ሰዓት፣ ራሷ ደወለችለት።

«ጋሽዬ፣ ‹ውሰዷት› ስትለኝ ማንን ነው የምትለው? ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ እኮ።»

ስልኩ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወንድሟ፣ በየቀኑ የሚደውለው ቁጥሩን ካልሰማ እንቅልፍ ስለማይወስደው እንደሆነ ነገራት። እሱም ያንኑ ነው የሚፈራው። በሁለት አህጉር ሆነው አንድ ፍርሃት ሲፈሩ ነበር፤ አንዱ በጥያቄ፣ አንዷ በዝምታ።

ሳይንሱ ምን ይላል?

እዚህ ውስጥ የሠሩ ሦስት ነገሮች አሉ። ሦስቱም የተጠኑ ናቸው።

አንደኛ፣ ስም መስጠት። ማቲው ሊበርማን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት ሰዎችን አንጎል በሚያሳይ ማሽን ውስጥ አስገብቶ የተቆጡና የፈሩ ፊቶችን ፎቶ አሳያቸው። የሚያዩትን ስሜት በቃል ሲሰይሙት፣ አደጋ ሲኖር ደወል የሚደውለው አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴው ቀነሰ። ለማሰብና ራስን ለመግታት የሚያግዘው የፊት የአንጎል ክፍል ደግሞ ነቃ አለ። «ተናድጃለሁ» ማለትና ተናዶ መጮኽ አንድ አይደሉም። አንዱ ስም ነው፣ ሌላው እሳት ነው።

በስም ደረጃ አማርኛ ሀብታም ነው፣ እኛ ነን ሁሉን «ተናደድኩ» የምንለው። ንዴት ቶሎ ነድዶ ይጠፋል። ቂም ይቀመጣል። ቅናት ያለኝን እንዳልነጠቅ ነው፤ ምቀኝነት ሌላው ያለውን እንዳያገኝ ነው። ንቀት ከላይ ወደ ታች ያያል። ቅያሜ ግን ልዩ ነው፤ የማናውቀውን ሰው አንቀየምም። የምንቀየመው የምንጠብቅበትን ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ «በሱ ላይ ያለኝ ቅያሜ ነው» ያለ ሰው ሳያውቀው «ከሱ የምፈልገው ነገር አለ» እያለ ነው። ባልደረባችን ደብተሯ ላይ «ንዴት» የሚለውን ሰርዛ «ቅያሜ» ያለችበት ቀን ነው ለመደወል ያሰበችው።

ሁለተኛ፣ ያየነውንና የተረጎምነውን መለየት። ሊ ሮስ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 ስም የሰጠው አንድ የሰው ሁሉ ስህተት አለ። ሌላ ሰው ሲያጠፋ ምክንያቱን ከጠባዩ እናያለን፣ ሁኔታውን እንረሳለን። እኔ ባረፍድ ታክሲ አጥቼ ነው፤ አንተ ብታረፍድ ግድ የለሽ ስለሆንክ ነው። «ወንድሜ እኩለ ሌሊት ላይ ደወለና ስንት ሆነ አለ» የታየ ነገር ነው። «ብር ልኮ ተገላገለ» ግን ትርጉም ነው። ትርጉሙ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ገና ምስክር ያልተሰማበት ፍርድ ነው። ስሜቱ እውነት መሆኑ ፍርዱን እውነት አያደርገውም።

ሦስተኛ፣ መጻፍ። ጄምስ ፔነቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ከሳንድራ ቢል ጋር ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ አደረገ። እንደጻፉ ወዲያው ቀለል አላላቸውም፣ እንዲያውም ከፋቸው። በቀጣዮቹ ወራት ግን ስለደረሰባቸውም ስለተሰማቸውም የጻፉት፣ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ወደ ተማሪዎች ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ አነስተኛ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከከፋችሁ አትደንግጡ።

እንዴት እንሞክረው?

ደብተር ወይም የስልክ ማስታወሻ ይበቃል። መጀመሪያ ቀላሉን ሰው ምረጡ፣ በሕይወታችሁ ትልቁን ቁስል ያቆሰላችሁን ሰው አይደለም።

1. ቁም በሉ። ስሙ ሲነሳ፣ ስልኩ ሲጠራ፣ ሦስት ጊዜ በዝግታ ተንፍሱ። አወጣጡን ከአገባቡ ረዘም አድርጉት።

2. ሰውነታችሁን እዩ። የት ነው ያለው? ጉሮሮ፣ ትከሻ፣ ሆድ፣ መንጋጋ? አታባርሩት፣ አታባብሱት። «አለህ፣ አይቼሃለሁ» በሉት።

3. ስም ስጡት። «ተናደድኩ» ብላችሁ አትቁሙ። ከሥሩ ሌላ አለ? ፍርሃት፣ ድካም፣ ኀፍረት፣ ቅናት፣ ቅያሜ? ቅናት ሆኖ ቢገኝ አትሸማቀቁ። ቅናት ብዙ ጊዜ የምንፈልገውን ነገር የሚጠቁም ጣት ነው።

4. ሁለት ዓምድ ሥሩ። በአንዱ ካሜራ ሊቀርጸው የሚችለውን ብቻ ጻፉ፦ ምን አለ፣ ምን አደረገ። በሌላው እናንተ የሰጣችሁትን ትርጉም።

5. ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ምኔ ተነካ? ያን ቀን ሌላ ምን ነበረብኝ? ከዚህ ሰው የምፈልገው፣ ግን ጠይቄው የማላውቀው ነገር ምንድነው?

6. ከሁለት ሳምንት በፊት ውሳኔ አትወስኑ። አንድ ቀን ሁሉን አያሳይም። መደጋገሙ ነው የሚናገረው።

አንድ ወጥመድ አለ። ራስን መመርመር ከማመንዠክ ይለያል። «ለምን እንዲህ አደረገኝ? ለምን ሁልጊዜ እኔን?» እያልን ያንኑ ፊልም መልሰን መላልሰን ካየን ልብ እያልን አይደለም። ይህ ከላይ እንዳየነው ሰውዬውን እያሰቡ ከረጢት መደብደብ ነው፣ ከረጢቱ የራሳችን ጭንቅላት ሆኖ። መለያው ቀላል ነው፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አዲስ ነገር ካላያችሁ፣ የጨመረው እሳቱ ብቻ ከሆነ፣ ደብተሩን ዝጉና ተነሱ። ዕቃ እጠቡ፣ በእግር ሂዱ።

የማይሆንበት ቦታ

ይህን ሳንናገር ብናልፍ እንበድላለን። የሚመታችሁ፣ የሚያስፈራራችሁ፣ ገንዘባችሁን የሚነጥቃችሁ ሰው ካለ ፍርሃታችሁ የትርጉም ስህተት አይደለም። ሥራውን እየሠራ ያለ ደወል ነው። እዚያ የሚቀድመው መራቅና የሚታመን ሰው፣ ሐኪም ወይም ሕግ ማግኘት ነው። «ውስጥሽን እይ» የተባለች ተደብዳቢ ሴት ሁለተኛ ነው የተበደለችው።

ጦርነት ወይም ከባድ ጥቃት ያለፈባችሁ ከሆነም ዓይን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ማየት አንዳንዴ ያንን ቀን መልሶ ያመጣዋል። እንዲህ ከሆነ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ እግራችሁ የረገጠውን ወለል እዩ፣ ለብቻችሁም አትቀጥሉ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር እብደት ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ በየከተማው ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቁ።

ደግሞም መረዳት ማለት ይቅር ማለት አይደለም፣ መታረቅም አይደለም። ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፣ እውነት ነው። ልብ ማለት የተወጋውን እንዲረሳ አይጠይቅም። የቱ ጋ እንደተወጋ እንዲያውቅ ብቻ ነው። ቁስሉ ያለበትን ቦታ የማያውቅ ሰው ሽማግሌ ፊት ቀርቦም የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። ስንቱ ሽምግልና በመሬትና በብር ተጀምሮ፣ መጨረሻ ላይ «አባታችን ሲሞት አልጠራችሁኝም» የሚል ለቅሶ ላይ እንደሚደርስ አይታችኋል።

አሁንስ?

ባልደረባችንና ወንድሟ ተረት ውስጥ አልገቡም። አሁንም ቁጥሩ ከፍ ባለ ጠዋት ስልኩ ሲጠራ ሆዷ ይጨማደዳል። ግን አሁን የሆዷን ቋንቋ ታውቀዋለች፤ «ፈርቻለሁ» ነው የሚላት። ወንድሟ ለተመላላሽ ሠራተኛ የሚሆን ብር ይጨምራል፣ በሳምንት ሦስት ቀን ትመጣለች። የሚደውለው እሷ ሥራ ከገባች በኋላ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ። እዚያ ገና ጎህ ሳይቀድ ማለት ነው፤ ለዚህ ብሎ ደወል ሞልቶ ይነሳል። እሷም የምታነሳው ዴስኳ ላይ ሆና ነው።

«ስንት ሆነ?» አሁን ሁለተኛ ጥያቄ ሆኗል። መጀመሪያ የሚጠይቃት «ሚጣ፣ አንቺስ ተኛሽ?» ብሎ ነው።

እስቲ ነገ ጠዋት የማን ስልክ እንደሆነ ሆዳችሁን የሚጨማድደው ልብ በሉት። ከማንሳታችሁ በፊት ሦስት ጊዜ ተንፍሱ። ከዘጋችሁ በኋላ አንድ ቃል ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያገኛችሁትን፣ ስም ሳትጠሩ፣ ጻፉልን። እናነበዋለን።